እኔን!

ከሙኒክ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር ተቀምጬ መጥቼ ሮም፣ ቴርሚኒ ጣቢያ የወረድኩት ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እግሬ አባብጧል። የሻንጣዬ አንዱ ጎማ መንገድ ላይ ተነቅሎ እንደ አንካሳ በግ ይጎተታል። ከጣቢያው ወጥቼ የአውቶቡሶቹን መቆሚያ ሳቋርጥ ያላየሁት የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አደናቀፈኝና በጉልበቴ ተደፋሁ፤ ሻንጣውም ከኋላ ደርሶ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። ጃኬቴ ባለ ቆብ ነው፤ ለሌሊቱ ብርድ የደፋሁትን ቆብ ገና አላወረድኩም ነበር። ከጀርባ ለሚያየኝ ሰው መሬት ላይ የተንበረከከ ጥቁር ጃኬት ነኝ፤ ከዚያ በላይ የምታወቅበት ነገር የለኝም። ቀና ከማለቴ በፊት አንድ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«እኔን!»

ዞሬ አየሁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ ሴት፣ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል እንዳንጠለጠሉ በሌላው አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ፊቴን ሲያዩ እንደገና ደነገጡ።

«ውይ በሞትኩት! ሀበሻ ነህ እንዴ?»

ይህችን ቅደም ተከተል አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ። ሀበሻነቴ የተጠየቀው ኋላ ነው። «እኔን» ያሉት ለወገናቸው አልነበረም፤ ማን እንደሆነ ለማያውቁት፣ ለአንድ የተደፋ ጃኬት ነው። የወደቀው ጣልያናዊ ቢሆን ኖሮም ሳይሉት አይቀሩም፤ እሱም ምን እንደተባለ ሳይገባው አቧራውን አራግፎ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ያን ዕለት ግን ቃሉ የሚገባው ሰው ላይ አረፈ። ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ፣ አስፋልት ላይ እንዳለሁ፣ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

አሥራ ስምንት ወሩን ያሳለፍኩት ዬና በምትባል የጀርመን ከተማ ነው፤ ካርል ዛይስ በኋላ ማይክሮስኮፕ የሠራበትን ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1846 የከፈተባት፣ ተማሪ የሚበዛባት፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ዬናም ወድቄ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ጥር፣ የመንገዱ ውሃ ሌሊቱን መስተዋት ሆኖ ባደረበት ማለዳ፣ ከደጄ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ በጀርባዬ ተዘረርኩ። አንድ ሽማግሌ መንገድ አቋርጠው መጡ። እጃቸውን ሰጥተው አነሡኝ፤ ከላዬ ላይ በረዶውን አራገፉልኝ፤ የወደቀ ጓንቴን ፈልገው ሰጡኝ። ደህና መሆኔን ጠየቁኝ። ደህና ነኝ ስላቸው፣ ለእንዲህ ያለው ወራት የሚሆን ጫማ የት እንደሚሸጥ ነግረውኝ ሄዱ። ጫማውን ገዛሁት። ከዚያ ወዲህ በረዶ ላይ አልወደቅኩም።

ሮም ያገኘኋቸው እናት ከአንዲት ቃል ሌላ ያደረጉልኝ ነገር አልነበረም። አላነሡኝም። ሻንጣዬን አልያዙልኝም። እንዲያውም ድንጋጤያቸው እስኪለቃቸው ድረስ ያጽናናኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ በሚዛን ቢቀመጡ የጀርመናዊው ደግነት እንደሚከብድ ለማንም ግልጽ ነው፤ ውለታ ከተቆጠረ ባለዕዳነቴ ለእሳቸው ነው። ሽማግሌው ሲያነሡኝ ግን አገሬ የባሰ ራቀብኝ፤ ሴትዮዋ ምንም ሳያደርጉልኝ አገሬ ደረስኩ። ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሆነ ከዚያ ጧት ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ኖሬያለሁ።

«ደህና ነህ?» ጥያቄ ነው። ጥያቄ ድንበር ያውቃል። ሕመሙ ያንተ ነው፣ በሩም ያንተ ነው፣ እኔ ደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ፣ ስትፈቅድልኝ እገባለሁ ይላል። ጨዋነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። «እኔን» ግን አያንኳኳም። ሕመሙ የማን እንደሆነ ሳያጣራ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ቁጭ ይላል። ሰዋስዉን ብንመረምር የምናገኘው ተሳቢውን ብቻ ነው፤ ባለቤትም ግሥም የለውም። ዘርዘር ሲል «እኔን ይድፋኝ» ይሆናል፤ አያቶቻችን «ድፍት ያድርገኝ» ይሉ ነበር። በአጭሩ ሲባል ግን ግሡ አፍ ውስጥ ይቀራል። እኔን ምን? አይታወቅም። ልደታ ፍርድ ቤት በማስረጃነት ቢቀርብ ማንንም በምንም አያስገድድም፤ ሴትዮዋ ጉልበቴን ሊረከቡኝ ውል አልገቡም። ሐሰት ነው ለማለትም አይመችም፤ ለመዋሸት እኮ ግሥ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባው ሰፈሬ፣ ከልደታ፣ ስነሣ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነበረኝ። እናቴ ሻንጣዎቹን የሞላቻቸው ቤቱን ነቅላ ልትልክልኝ የፈለገች ይመስል ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና፤ ጀበናው እንዳይሰበር በጋቢ ተጠቅልሎ። ጋቢው ባለ አራት ድርብ ነው፤ ከዬና ብርድ ጋር በእኩል ሚዛን የሚታገል እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ በአገሬ ዕቃ በኩል የሚጎድለኝ አልነበረም። ቡናውን የቆላሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ጭሱ ገና ከምጣዱ ብድግ ከማለቱ ጣሪያው ላይ ያለው የእሳት ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ የፎቁ ተማሪ ሁሉ ፒጃማውን እንደለበሰ ደረጃውን ወረደ። እኛ ቤት የቡና ጭስ ሰው ይሰበስባል፤ እዚያም ሰበሰበ፤ ብቻ ማንም ሊጠጣ አልመጣም።

ሽሮው ሽሮ ነበር። ሠርቼ ስበላው ግን አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። ጨው ነው እያልኩ እጨምር ነበር። ብዙ ጨው በላሁ። የጎደለው ሌላ መሆኑን የጠረጠርኩት አንድ ማታ ወጥ ቤቱን የምንጋራው ልጅ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ሳላስበው፣ በጀርመንኛ «እንብላ» ስለው ነው። እኛ ዘንድ «እንብላ» ሲባል የሚመለሰው «ብሉ፣ በልቻለሁ» ነው፤ የራበው እንኳ መጀመሪያ እንዲያ ይላል፤ ግብዣው የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ግን «በጣም አመሰግናለሁ» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እኩሌታውን በላልኝ። በሳምንቱ ፓስታ ሠርቶ ጠራኝ። ፓስታው ጥሩ ነበር። ስንጨርስ በፈገግታ «አሁን እኩል ሆንን» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ዕዳ ማሳደር የማይወድ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ያቺ «እኩል ሆንን» ከእንቅልፌ ጋር ስትጣላ አመሸች። ከልደታ ጎረቤቶቻችን ጋር በሰሃን ልውውጥ ስንኖር እኩል የሆንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰሃን ባዶውን አይመለስም ነበርና ሒሳቡ አይዘጋም፤ ሁልጊዜ አንዱ ባለዕዳ ነው፤ ነገ ለመገናኘት ምክንያቱም እሱ ነው።

የዕቃ ነገር ከተነሣ አንዲት የምወዳት ታሪክ አለች። አሜሪካ ያለው ወገናችን እንጀራ የሚጋግርበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ብዙዎች እቤታቸው ያላቸው፣ «ሄሪቴጅ ግሪል» የሚባለው፣ ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በአይዋ ግዛት ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ፋብሪካ የሚያመርተው ሌፍሳ ለሚባለው ስስ የድንች ቂጣ ነው፤ ኖርዌጃውያን ስደተኞች የእናቶቻቸውን ቂጣ እንዳያጡ ብሎ። የኖርዌይ ናፍቆት በሠራው ምጣድ ላይ የኛ ናፍቆት አሰሱን አስሶ ተቀመጠ። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፤ ከኛ ምጣድ ያንሳል፤ ግን ዓይን ያወጣል። ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ የቤት ምቾት የሚባለው ነገር ከዕቃው ጋር ያለው ዝምድና ምን ያህል የላላ እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ዕቃው የማንም ሊሆን ይችላል።

ወደ ሮም ልመለስ። ሴትዮዋ አድራሻቸውን ነገሩኝና «ዛሬ ማታ በሁለት ሰዓት እቤት ና» አሉኝ። ራት በሁለት ሰዓት! ዬና ያሉት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቼ ቀጠሮ በተነሣ ቁጥር «በኛ ነው በነሱ?» ይላሉ፤ እኔም እላለሁ። ለእኚህ ሴት ግን «በኛ» እና «በነሱ» የሚባል ነገር የለም። ሮም ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ የሚያስታምሟቸው ጣልያናዊት አሮጊት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ስምንት ሲል እሳቸው ሁለት ብለው ያነቡታል። ፀሐይ ስትወጣ ቀን ይጀምራል፤ ስትገባ ሌሊት ይጀምራል፤ ከዚያ መቁጠር ነው። እኔም አልጠየቅኩም። ስድስት ሰዓት የሚያሳስት ንግግር ተነጋግረን ሳንሳሳት ተለያየን። ከሻንጣዎቼ ውስጥ አንዱም ይህን የሚያህል ድሎት አልያዘም።

በሁለት ሰዓት ደረስኩ። ከቴርሚኒ ጀርባ፣ የሀበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከሚበዛባቸው መንገዶች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩ ሲከፈት ጠባቡ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሰዎች ሶፋና በርጩማ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም ብድግ አሉ። «ኖር!» «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሡ!» እላለሁ፤ አይሰሙኝም። «ኖር» የሚለው ቃል ከ«ኖረ» ጋር የሚገናኝ መሆኑን ያን ማታ ነው ያስተዋልኩት። ሰው ሲገባ «ኑር» እየተባለ ነው። መኖሪያ ፈቃዴን ለማደስ ከፎርም ጋር ስታገል ለከረምኩት ለእኔ፣ አምስት ሰው በአንድ አፍ ቆሞ የሰጠኝ ፈቃድ ነበር፤ ማኅተም የለውም እንጂ።

በላን፣ ተጨዋወትን፣ ቡናም ተፈላ። እዚያ ቤት የእሳት ማስጠንቀቂያው ባትሪ ከወለቀ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ለምን ከሳህ? ስኮላርሺፑ በወር ስንት ይከፍላል? ከእሱ ላይ ለቤተሰብ ስንት ትልካለህ? አገባህ? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? እዚያው ቀርተህ ወረቀት ለምን አታወጣም? አንደኛው ሰውዬ የእህቱን ልጅ ስልክ ቁጥር ሊሰጠኝ ዳዳው። ፊቴ ላይ ፈገግታውን እንደያዝኩ ውስጤ ሲኮማተር ይሰማኛል። ያኔ ለራሴ ያልነገርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከልደታ ስወጣ ከትምህርቱ እኩል ያጓጓኝ ከዚህ ጥያቄ ማረፉ ነበር። ዬና ክፍሌ በሯን ስቆልፍ ማንም ስለ ክሳቴ አይመክርም። ብታመም ቀጠሮ ይሰጠኛል፤ ካልታመምኩ ማንም ዓይኔን አይቶ «ምን ሆነሃል?» አይለኝም። ሮም በዚያች በሞቀች ክፍል ተቀምጬ ያቺን ቀዝቃዛ ክፍል ናፈቅኳት። ሙሉ ቀን አልሞላኝም!

መደበቅ አይገባኝም፤ ሁለቱ አንድ እጅ ናቸው። «እኔን» የሚልህ ሰው «ለምን ከሳህ»ንም ይልሃል። የገባበት በር አንድ ነው፤ ያንኳኳበት ጊዜ የለም። ሳይጠየቅ የሚያዝን፣ ሳይጠየቅ ይመክራል። በሬን እንዲያንኳኩልኝ ብሻ ኖሮ «እኔን»ም ደጅ ትቀር ነበር። የቤት ምቾት ብለን የምንናፍቀው፣ እቤት ሳለን «ኧረ ተዉኝ» እያልን የምንሸሸውን ነው እንዴ? ለሌላው አላውቅም፤ ለእኔ እንዲያ ነው። ደግሞም ከአንዱ ሌላውን ነጥሎ በሻንጣ የሚያሽግ እናት አልተፈጠረችም።

በማግስቱ ወደ ቫቲካን ሄድኩ። ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ደብር አለ፤ ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማደሪያ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ የሚባል ከአምሐራ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ የተነሣ ካህን እ.ኤ.አ. በ1649 እዚህ ሮም ሳለ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተዋወቀ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዙትና የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ወደዚያ ሄደ። ጎታ ከዬና በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ እኔ የመጣሁበትን መንገድ እሱ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት ወደ ላይ ወጥቶታል። ሉዶልፍ ያን ካህን አስቀምጦ እየጠየቀ ጻፈ፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ የሚጀምረው፣ እንግዲህ፣ አገሩን ለቅቆ በሰው አገር ብርድ ከተቀመጠ ሰው አፍ ነው።

ያን ጥያቄና መልስ ብዙ ጊዜ በሐሳቤ አይቼዋለሁ። ይህ ምን ይባላል? ውሃ። ይህስ? እሳት። እንጀራ። በር። ጎርጎርዮስ በአንድ ጀርመናዊ ጠረጴዛ ላይ ቤቱን ቃል በቃል እየዘረገፈ ነው፤ እናቴ ሻንጣዬን እንደሞላችው። ነገር ግን መዝገበ ቃላት የሚሰበስበው የሚጠየቅ ቃል ነው። «እኔን» ተጠይቆ አይወጣም፤ እንዲወጣ አንድ ሰው መውደቅ አለበት። ምናልባት ከሁለት አንዳቸው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ተደናቅፈው ያውቁ ይሆናል፤ ያ ግን በመጽሐፍ የሚጻፍ ጉዳይ አይደለም። ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ ሰጥማ ሞተ። አገሩን ሳያይ።

አሁን ተመልሼ ልደታ ነኝ። ሰፈራችን ራሷ የመሄጃ በር እንደነበረች ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቦሌ ሳይከፈት የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚነሣው ከልደታ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ፣ በአሥመራ በኩል ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኑ ከጦርነት የተረፈ ሲ-47 ነበር፤ መቀመጫዎቹ በግራና በቀኝ የተዘረጉ የሚታጠፉ አግዳሚዎች፣ ጭነቱ መሐል ላይ። ይህ ለእኔ የአውሮፕላን ሳይሆን የውይይት ታክሲ አቀማመጥ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ የአንዱ ጓዝ የሌላው እግር ሥር። ከጓዙ መሐል ቆሎና ጭኮ እንደማይጠፋ እምላለሁ።

«ሰፈር» የሚለው ቃልም ያው ነው፤ ከ«ሰፈረ» የመጣ። ጓዙን አውርዶ ድንኳን የተከለ ሰው ነው የሰፈረ የሚባለው። አዲስ አበባ በየመኳንንቱ ሰፈር ስትቆረቆር ሠራዊት ነው ያረፈባት፤ እኛ ማረፊያውን አገር አደረግነው። ስለዚህ የተወለድኩባቸው የልደታ ጭቃ ቤቶች በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ ቃሉን በደንብ ብናዳምጠው ኖሮ፣ ድንኳን ተነቀለ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም ማለት በቻልን ነበር። አልቻልንም። ያለቀሰው ብዙ ነው። ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከጭንቅላታችን በላይ ያልፍ ጀመር፤ ጎረቤቶቻችን ከፊሉ ጀሞ፣ ከፊሉ ሌላ ዳርቻ ሄዱ። ከዬና ስመለስ የገባሁት አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ የሚተላለፈኝን ሰው «ደህና ዋሉ» ከማለት ሌላ አልለመድኩም፤ እሱም ብረት በሩን ይቆልፋል፣ እኔም እቆልፋለሁ። እንደ ዬና። ልዩነቱ እዚህ ስወድቅ የሚያነሣኝ ሽማግሌ ስለመኖሩ እርግጠኛ አለመሆኔ ነው።

ዓመት በዓል ሲሆን ግን የተቆለፈው ይከፈታል። ግንቦት 1 ቀን፣ ልደታ ለማርያም፤ የደብሩም የሰፈሩም ስም የወጣበት ዕለት። ሕንፃዎቹ መሐል፣ መኪና በሚቆምበት ግቢ፣ ሴቶቹ ሦስት ጉልቻ ጎልተው ትልቅ ብረት ድስት ይጥዳሉ። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፤ ንፍሮ። የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ አይበላም። ሰው ሁሉ ወርዶ ደጅ ላይ፣ እሳቱ ዙሪያ፣ እፍኝ እፍኝ እየተቀበለ ይበላል። ምክንያቱ በትውፊት የታወቀ ነው፤ ኢያቄምና ሐና ክፉ የሚያስቡባቸውን ሸሽተው ከቤታቸው ወጥተው ነበር፤ ድንግል ማርያም የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ በሰው አገር፣ ከደጅ ነው፤ የበሉትም በእጅ የተገኘውን እህል ቀቅለው ነው። እኛም በዓሉን የምናከብረው ያን ከቤት መውጣት ለአንድ ቀን በመድገም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በልቼዋለሁ፤ ከቤት ውጭ መሆኑን ግን ከቤት ውጭ ኖሬ እስክመለስ አላሰብኩበትም ነበር።

ዘንድሮ ድስቱን የምታማስለው የምድር ቤቷ ጎረቤታችን ነበረች። ቤሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ሊባኖስ ለቤት ሠራተኝነት መሄድን ከልክሎ ነበር፤ እሷ ከዚያ በኋላ ነው የሄደችው፤ እንዴት እንደሄደች አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም። የመኖሪያ ወረቀቷ በአሠሪዋ ስም የተንጠለጠለ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ የተቆለፈ። በ2020 ኑሮው ሲወድቅ ብዙ እህቶቻችን ከነሻንጣቸው የአገራችን ቆንስላ ደጃፍ ላይ ሲጣሉ እሷ ከዳኑት ነበረች፤ ትኬት ተቆርጦላት መጣች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እሑድ እሑድ እንድትወጣ ተፈቅዶላት ዶራ በሚባለው ሰፈር እንጀራ ትበላ ነበር። ከዚያ በፊት ግን፦

«እመቤታችን ሊባኖስ ተራራ ላይ ተወለደች ሲባል ሳቄ ይመጣል ወንድሜ። ተራራው እኮ ይታየኝ ነበር፤ ከበረንዳ፣ ልብስ ሳሰጣ። አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም።»

የወጥ ቤቱን ነገር ጠየቅኳት። ንፍሮ ለራሷ ቀቅላ ታውቅ እንደሆነ። «ሽምብራ ሞልቷል፤ እነሱም ይወዱታል። ግን ብቻዬን ቆሜ ነው የምበላው፤ ንፍሮ ብቻ ሲበሉት ያንቃል» አለችኝ። የኔን ጨው አስታወስኩ።

ከዚያ ስለ ልጁ አወራችልኝ። ከስድስት ወሩ ጀምሮ ያሳደገችው ልጅ ነው። መራመድ ሲጀምር ቤቱ ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር ከአፏ ያመልጣታል። «እኔን! እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? ዐረብኛው ቶሎ አይመጣልኝም።» ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ቀን ስትጠብስ የጋለ ዘይት ፈንጥቆ እጇን አቃጠላት። ጮኸች። ልጁ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«'እኔን!' አለኝ። በቃ እንደኔ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ።»

እናቱ ከሳሎን ሰምታ መጣች። ምን አልሽው፣ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? 'እኔን' ማለት 'እኔን' ነው አልኳት። በዐረብኛ ብለው ደግሞ ትርጉም የለውም፤ እሷም ስድብ ነው የመሰላት። ሁለተኛ እንዳልለው ነገረችኝ። እኔማ መተው አቃተኝ፤ ቀስ ብዬ እል ነበር።»

«አሁን ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አንድ አለፈው። ረስቶታል።»

ድስቱን ከፍታ ሽምብራውን በጣቶቿ አፈረጠችና መብሰሉን አረጋገጠች። ልጆች ሰሃን ሳይሆን መዳፋቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከኋላችን ባቡሩ አለፈ፤ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ወደ እሳቱ አስጠጉ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እጅህን ዘርጋ ወንድሜ» አለችኝ፤ «ሁለቱንም። ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልህ።»